የድንጋዩ እጣቢ

«ድንጋዩ ብረት አይወድም። መርፌውን እስካልተውሽላት ድረስ እኔ ምንም ላደርግላት አልችልም።» አክስቴ ይህን ስትል የሳሎኑ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከነመጥረጊያዬ ደጁ ላይ ቆሜአለሁ። ሰኞ ዕለት ነው። የምትነግራት ሴት ዘቢደር ትባላለች፤ ከአምበር አካባቢ አሥራ አንድ ዓመት የሆናትን ልጇን ሕሊናን ይዛ መምጣቷ ነው። ልጅቱ ስኳር አለባት። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ስትወጋ ኖራለች። አክስቴ በድንጋይ ታድናለች ሲባል ሰምተው፣ ሰባት ቀን ሊቆዩ ስንቃቸውን ይዘው መጡ። እኔ ያን ቃል ሰማሁ፣ መጥረጊያዬን አነሳሁ፣ ግቢውን መጥረግ ቀጠልሁ። ለዚያ ዝምታዬ እግዜር ይጠይቀኛል፤ ይጠይቀኝ።

አክስቴ ፍቅርአዲስ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት፤ ከኋላዋ ግን አንቱታው ከአፌ አልወጣ ካለኝ ቆየ። ቤሩት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ስትመለስ፣ ሌላው ወርቅና ቴሌቪዥን ይዞ ሲገባ፣ እሷ አሥራ አንድ ድንጋይ በካልሲ ጠቅልላ ይዛ ገባች። ማዳም የምትላት አሠሪዋ በድንጋይ የምታምን ሴት ነበረች። ሐምራዊው ለእንቅልፍ፣ ሮዙ ለትዳር፣ ጥቁሩ ለሰው ዓይን፣ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለው ደግሞ ለሁሉም ነገር ነው። ድንጋዮቹ የሰውን ሕመምና ሐዘን ይጠጣሉ፤ ስለዚህ በየጊዜው ካልታጠቡ ይቆሽሻሉ፣ የጠጡትንም መልሰው በሰው ላይ ይተፋሉ ይባላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እነሱን ማጠብ የአክስቴ ሥራ ነበር። ደብረ ማርቆስ ስትገባ ማጠቡን ለእኔ ሰጠችኝና እሷ ማዳም ሆነች። ለሰው ግን ከኢየሩሳሌም የመጡ ናቸው ትላለች። ማን ሄዶ ያጣራል?

አስተጣጠቡን ልንገራችሁ፤ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ማታ በጨው ውሃ ይዘፈዘፋሉ። ጠዋት አንድ በአንድ በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃሉ፤ ነጩ ብቻ፣ ያ አሞሌ ጨው የሚመስለው፣ ውሃ ስለሚያሟሟው በደረቅ ጥጥ ይጠረጋል። ከዚያ በነጭ ጨርቅ ተወልውለው መስኮቱ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሐምራዊው ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚገረጣ ጥላ ይፈለግለታል። እስከዚህ ያለው የማዳም ነው። አክስቴ ደግሞ ከአገሯ ጨመረችበት፤ የሚያጥበው ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ጫማውን አውልቆ ነው የሚያጥበው፤ ሴት ከሆነች በወር አበባዋ ሰባት ቀን አትነካቸውም፤ የተገልጋዩንም ዕቃም ሆነ ገላ አትነካም፤ ሰውዬው ድንጋዩ የያዘው ነውና። የመጨረሻው የማለቅለቂያ ውሃ አይደፋም። በሃይላንድ ይሞላና በሽተኛው ይጠጣዋል፤ እጣቢው ነው መድኃኒቱ። አንዱ ሃይላንድ ሁለት መቶ ብር ነው። ውሃው የቧንቧ ነው፤ ቧንቧ ሲጠፋም ከጎረቤት ጉድጓድ እኔው በጀሪካን የቀዳሁት።

ስለ ወር አበባው እውነቱን ልናገር። በየወሩ ሰባት ቀን እጄን አጣምሬ ስቀመጥ የአክስቴ ፊት ይጠቁርብኛል፤ ምሳው ያንሳል፣ «የተቀመጠ አፍ» የሚል ነገር ከጓዳ ይሰማል። ሄጄ የምወድቅበት ሌላ ቤት የለኝም። ቁይ ያለው የአባቴ ቤት ከወንድሜ ሚስት ጋር ከተጣላሁ ወዲህ ለእኔ ተዘግቷል። ስለዚህ ዕድሜዬም አርባ አራት ነውና፣ አንድ ቀን «ሄደልኝ» አልኋት። አመነችኝ፤ ደስም አላት። አልሄደልኝም ነበር። እነሆ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ንጹሕ ሆኜም ሳልሆንም ድንጋይ አጥቤአለሁ። አንድም አልተሰነጠቀ፣ የጠጣው ሰውም አልባሰበት፤ የተሻለውም እንደተሻለው ሄደ። ድንጋይ ድንጋይ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ግን ለማን ይነገራል?

ሐሙስ ዕለት ዝናቡ ሲዘንብ አድሮ ግቢውን ጉም ሞልቶት ነበር። የፍልሰታ ሰሞን ስለሆነ መንገዱ ላይ ነጠላ የለበሰ ሰው ብቻ ነው የሚታየው። ድንጋዮቹን አለቅልቄ፣ ፀሐይ የለምና ሶፋው ጠርዝ ላይ ደረደርኋቸውና አንድ ሃይላንድ ይዤ ወደ እንግዳ ክፍሉ ሄድሁ። ክፍሉ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ከአጥሩ ጋር የተያያዘ ነው። ጭቃ ግድግዳ፣ አንድ አልጋ፣ መሬት ላይ አንድ ስፖንጅ፣ አንድ ባልዲ፤ ለሌሊቱ መቶ ሃምሳ ብር። በሩን ስከፍተው ሽታ ተቀበለኝ። የሽንት ሽታ መስሎኝ ነበር፣ አይደለም። የበሰበሰ ሙዝ ዓይነት፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዓይነት ጣፋጭ ሽታ ነው፤ የሚወጣውም ከልጅቱ አፍ ነው። ይችን ሽታ አውቃታለሁ። እዚህ ከመግባቴ በፊት አንድ ጤና ጣቢያ ሁለት ዓመት በኮንትራት ጽዳት ሠርቻለሁ። ያን ሽታ ይዘው የሚመጡ የስኳር ሕመምተኞች በአልጋ ሲገፉ መወልወያዬን ይዤ መንገድ እለቅ ነበር፤ የዘገዩት አልተመለሱም።

ሕሊና ሰኞ ስትመጣ ብትከሳም አፈኛ ልጅ ነበረች። ድንጋዮቹን ቆጥራ «እንደ ዕድሜዬ አሥራ አንድ ናቸው፣ አንዱ ለእኔ ይገባኛል» ብላ አስቃኛለች። መርፌዋን ራሷ ነበር የምትወጋው። ሹራቧን ገለጥ አድርጋ ሆዷ ላይ የት የት እንደምትወጋ፣ ቦታ እንዴት እንደምታቀያይር አሳየችኝ፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ዩኒት፣ ማታ ስድስት፤ ከክፍሏ ልጆች አንዱም እንደሷ አይደፍርም። ያቺ ልጅ ሐሙስ ጠዋት ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ተኝታ ሳለች ሽቅብ ሮጣ እንደመጣ ሰው በረጅሙ ትተነፍሳለች። «እትዬ ዘሪቱ፣ ውሃ» አለችኝ። ዘሪቱ እኔ ነኝ። አጠጣኋት፤ ሳትጨርሰው አስመለሳት። ሌሊቱን አምስት ጊዜ አስመልሷታል አለች እናቷ ከስፖንጁ ላይ ሳትነሳ። የልጅቱን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግላት እጄን ያዘችኝና፣ እናቷ እንዳትሰማ ድምጿን ቀንሳ፣ «ዛሬ ብቻ ብወጋ ድንጋዩ ያውቃል?» አለችኝ።

አያውቅም አልኋት። ግን መርፌው የት አለና? ድንጋዩ ብረት እንደማይወድ ቀድማ ሰምታ፣ እናቷ መድኃኒቱን እንዳይሞቅ ቤቷ ውስጥ እርጥብ አሸዋ በሞላ ገንቦ እንዳስቀመጠችው ትታው መጥታለች። የአምበር መንገድ ደግሞ በተኩሱ ምክንያት ከማክሰኞ ጀምሮ ተዘግቷል፤ ስልክም የለም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አክስቴ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ ገባች። ዘቢደር ስለ ማስመለሱ ነገረቻት። አክስቴ ጥርት ያለውን ድንጋይ የልጅቱ ደረት ላይ አስቀምጣ፣ ድንጋዩ በትንፋሿ ሽቅብ ቁልቁል ሲል እያየች፣ እየለቀቃት ነው፣ ሊወጣ ሲል እንዲህ ያደርጋል አለች። በአምስተኛው ቀን ምግብ ትጠይቅሻለች ብላ ወጣች። ዘቢደር እጅ ነሣች። እኔ ባልዲውን ይዤ ወጣሁ።

ዘቢደርን ቧንቧው ጋ የልጇን ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ የማውቀውን ሁሉ ነገርኋት፤ ስለ ሽታው፣ ስለ አተነፋፈሷ፣ ሆስፒታሉ በባጃጅ አሥር ደቂቃ እንደማይሞላ። ልብስ የምታጥብበት ውሃና ልጇ የምትጠጣው አንድ መሆኑንም ነገርኋት። እጇን ከሳፋው ሳታወጣ ሰማችኝ። ሞኝ ሴት አይደለችም። ሦስት ዓመት ልጇን እዚህ ድረስ ስታመላልስ ኖራለች፤ መድኃኒት ሲጠፋ እስከ ባሕር ዳር ሰው ልካለች፤ ባሏ ታረቀኝ ይችን ልጅ ማን ሊያገባልን ነው እያለ ሲነጫነጭ ችላ ኖራለች። ሴትዮዋ ደክሟታል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

«ዶክተሩን እስከ መቼ ነው የምትወጋው ብየ ጠየቅሁት» አለች። «ዕድሜ ልኳን አለኝ። አክስትሽ ሰባት ቀን አለችኝ። አንቺ እናቷ ብትሆኚ የማንን ትሰሚ ነበር?»

ተናደድሁባት፤ አንጀቴንም በላችው። እኔ አልወለድሁም፤ ምናልባት ስላልወለድሁ ይሆናል ነገሩ ቀላል የመሰለኝ። ሠላሳ ጊዜ ብነግራትም ያው ነው። ልብሱን ጨምቃ ገመዱ ላይ ሰቀለችው፤ በዚያ ጉም የሚደርቅ ይመስል።

አክስቴን መኝታ ቤቷ አገኘኋት፤ ፀጉሯን ቅባት እየቀባች ነበር። ልጅቱ ልትሞትብን ነው፣ ሆስፒታል ትሂድ አልኋት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ማዳም ጡቷ ላይ እባጭ እንደነበረባት፣ ድንጋዩን አክስቴ ራሷ አጥባ ራሷ እንዳስቀመጠችላት፣ ሴትዮዋም እንደዳነች አወራችኝ። ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ጠየቅኋት፤ ማዳም ሆስፒታል አልሄደችም ነበር ወይ አልኋት። ሄዳለች እንጂ፣ ቀዶ ጥገናም ተደርጎላታል አለች። የቅባቱን ብልቃጥ ከደነችው፣ ደግማ ከፈተችው። ሐምራዊውን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው፤ ሌባ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ታምናለች።

«ሰው ሁሉ ወደ መጣበት መመለስ ይችላል» አለችኝ በመጨረሻ። «አንቺም ወደ ቁይ።»

ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ጭቃውን እየዘለልሁ መድኃኒት ቤት ሄጄ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ላደረገው ሽማግሌ ባለሙያ ሁሉንም ነገርሁት። ኢንሱሊን ሽጥልኝ፣ እኔ እወጋታለሁ አልሁት። ስንት ቀን ሆናት አለኝ፤ አራተኛ ቀኗ አልሁት። ታስመልሳለች? አዎ። አፏ ይሸታል? አዎ። እንዴት አድርጋ ትተነፍሳለች? አሳየሁት። መነጽሩን ዓይኑ ላይ መለሰ። ይህ አሁን በቤት ውስጥ መርፌ የሚሆን ነገር አይደለም፣ ደሟ ተመርምሮ፣ በክንዷ ፈሳሽ ተሰጥቷት ነው የምትድነው አለኝ። «የቀራት ሰዓት ነው እንጂ ቀን አይደለም። ዛሬ ሳይመሽ አድርሻት።»

ከዚያ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ይታያልን አገኘሁት። ሰፈራችን ያለ መምህር ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ባጃጅ ይነዳል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእኛ በር ላይ ቁምልኝ፣ የታመመች ልጅ ሆስፒታል የምናደርስ ነን አልሁት። ክፍያው አያሳስብሽ አለኝ። ባጃጁን አገኘሁ፣ ሆስፒታሉም ቅርብ ነው፤ የቀረኝ እናቲቱ ብቻ ነበረች። መንገድ ላይ ሳሰላስል መጣሁ። በሐኪም ቋንቋ ነገርኋት፣ አልሰማችኝም። በምታምነው ቋንቋ ብነግራትስ? ውሃው ጉልበት የለውም ብላት አታምነኝም፤ ውሃው ረክሷል ብላትስ? ድንጋዩ ቆሽሿል፣ አራት ቀን የጠጣችው የረከሰ ነው ብትባል፣ እዚህ ቤት አንዲት ደቂቃ አትቆይም። ልጇን አቅፋ ትወጣለች፣ በሩ ላይ ባጃጅ ቆሟል፣ አለቀ። ማደሪያዬን እንደማጣ አውቄአለሁ፤ ስሜም እንደሚጠፋ አውቄአለሁ። ይጥፋ አልሁ። እንዲያውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በራሴ ብልጠት ትንሽ ደስ አለኝ። የሚገርመው ደግሞ ያን ሰሞን ንጹሕ ነበርሁ፤ የመጣብኝ ከሄደ ሁለት ሳምንት አልፎታል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እንደ ወትሮው በድንጋዩ ሊገለገል በመጣ ሰው ሳሎኑ ሞላ። ሰባት ሴቶችና አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እህል ሳይቀምሱ የመጡ፣ በሶፋውና በፕላስቲክ ወንበሮቹ ላይ ተደርድረዋል። ድንጋዮቹ በነጭ ጨርቅ ላይ፣ ሃይላንዶቹ ከጎናቸው። ዘቢደር ልጇ እንግዳ ክፍሉ ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት፣ እሷ ሳሎኑ በር አጠገብ ተቀምጣለች። አክስቴ ሮዙን ድንጋይ አንስታ አንዲትን ሴት ልታስጨብጥ ስትል እኔ መሐል ቆምሁ።

«የወር አበባዬ እሁድ ማታ መጥቶብኛል» አልሁ። «አልሄደልኝም፤ ሄደልኝ ያልሁት ውሸቴን ነው። እነዚህን ድንጋዮች ከሰኞ ጀምሮ ያጠብሁት ንጹሕ ሳልሆን ነው። የጠጣችሁት ሁሉ የረከሰ ነው።»

አንዲት ሴት ሃይላንዷን ከጭኗ ላይ አውርዳ በእግሯ ገፋችው። ሌላዋ አፏን በነጠላዋ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች። ሽማግሌው አማተቡና በፍልሰታ፣ በፍልሰታ እያሉ ወጡ። አክስቴ ድንጋዩን እንደያዘች ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ ቀረች፤ ልትመታኝ ነው ብዬ ነበር። የእኔ ዓይን ግን ዘቢደር ላይ ነው። ብድግ ብላ ወጣች። ሠራልኝ አልሁ። ተከትያት ልሮጥ ስል ሴቶቹ እንዳልነካቸው እየሸሹ መንገድ ለቀቁልኝ፤ የአክስቴ ድምፅ ግን ከኋላዬ፣ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ግቢው ድረስ እየተሰማ፣ ለተሰበሰበው ሁሉ ሲናገር ሰማሁት፤ የቆሸሸ ድንጋይ ይነጻል፣ ዛሬ እዘፈዝፈዋለሁ፣ ነገ በራሴ እጅ አጥበዋለሁ ትላለች።

ዘቢደር እንግዳ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆማ አገኘኋት። ልጇን አላቀፈችም። ሁለት እጆቿን በሩ መቃን ላይ ዘርግታ መንገዱን ዘግታለች። ከኋላዋ ጨለማ ውስጥ ያ ትንፋሽ ይሰማል፤ ረጅም፣ ጥልቅ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይከተላል። ከውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ይታያል ሰዓቱን አክባሪ ነው።

ነይ እንውሰዳት፣ ባጃጅ መጥቷል አልኋት። አልተንቀሳቀሰችም። ጮሃ ብትሰድበኝ ምን ነበረበት? ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ጎረቤት፣ ለአራት ቀን ፊቷን የጠረግሽው በዚያ እጅሽ ነው ወይ አለችኝ። ውሃ ያጠጣሻት በዚያ እጅሽ ነው? አዎ አልኋት፤ ስለዚህ ውሃው አይረዳትም፣ ሆስፒታል ትሂድ አልሁ። ልጄ ያልተሻላት ለዚህ ነበር እንጂ አለች፤ ፊቷ ላይ አንድ ዓይነት ዕረፍት አየሁ፤ ዕረፍት! ምክንያቱን አገኘችው። ድንጋዩ አልዋሻትም፤ እሷም አላጠፋችም፤ የሐኪሙ ዕድሜ ልክም አልተመለሰባትም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

«አራቱን ቀን አንቺ አበላሸሽብኝ» አለች። «ነገ አክስትሽ ራሷ ታጥበዋለች። ነገ አንድ ብለን እንጀምራለን።»

ውሸቴን ነው አልሁ። ንጹሕ ነኝ፣ ልጅሽን ሆስፒታል እንድትወስጃት ብዬ ነው፣ በማርያም ይዤሻለሁ አልኋት። መልሷ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

«የትኛውን ውሸትሽን ልመን?»

ትከሻዋን ገፍቼ ልገባ ሞከርሁ። ልጅቱን አቅፌ ሁለት እርምጃ ብቻ ብሄድ ባጃጁ እዚያ ነው፤ ክብደቷ ምን ይሆናል፣ ከአንድ ጀሪካን አትበልጥም። ዘቢደር አልገፋችኝም፤ ጮኸች። አትንኪያት፣ ልጄን እንዳትነኪያት፣ ይህች ሴት ረክሳለች አለች። ሴቶቹ ከሳሎን ወጡ። ሁለቱ ነጠላቸውን እጃቸው ላይ ጠቅልለው፣ ገላዬ እንዳይነካቸው፣ ከኋላ ያዙኝ። እኔ እያወቅሁ ባፌ የተናገርሁት ነገር ነው ከዚያ በር የጎተተኝ። ንጹሕ ሳልሆን ዓመት ከመንፈቅ የገባሁበትን ክፍል ንጹሕ በሆንሁበት ቀን ተከለከልሁ። አክስቴ በረንዳው ላይ ቆማ ታያለች። በሩን ከፍተው አስወጡኝ፤ መወርወሪያው ከውስጥ ሲገባ ሰማሁ።

ይታያል ከባጃጁ ወርዶ ታማሚዋ የት አለች አለኝ። ውስጥ ናት አልሁት። በሩን መታሁ፣ በድንጋይ መታሁ፣ በእግሬ መታሁ። አላፊ አግዳሚው ተሰበሰበ፤ ከውስጥ አንዲት ሴት ምን እንዳደረግሁ ስትነግራቸው ወደ ኋላቸው ፈቀቅ አሉ። ይታያል ባጃጁን አዙሮ ፖሊስ ጋ ሄደ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብቻውን ተመለሰ። እናቷ አጠገቧ ካለች እናቷ ታውቃለች ብለውኛል አለ፤ ሲናገር መሬት መሬት ያይ ነበር። ሆስፒታሉም ሄዶ ነበር። አምጧት ብለዋል።

የእንግዳ ክፍሉ ግድግዳ ከአጥሩ ጋር የተያያዘ ነው ብያችኋለሁ። የቆርቆሮውን አጥር በውጭ በኩል ዞሬ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አልሁ። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ሕሊና፣ እኔ ነኝ፣ ዘሪቱ ነኝ አልኋት። ብዙ ቆይታ መለሰችልኝ፤ እትዬ ዘሪቱ፣ ግቢ አለችኝ። እናቷ ዝም በይ ልጄ አለቻት፤ እሷን ተያት፣ ዛሬን ብቻ ቻይልኝ፣ ነገ አንድ ብለን እንጀምራለን። ድምጿ የሚያባብል፣ የእናት ድምፅ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕሊና አልጠራችኝም።

ይታያል መጥቶ ነጠላዬ መራሱን ነገረኝ። ልቁም ወይስ ልሂድ አለኝ። ቁም አልሁት። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ፣ የግቢውን በር እያየ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጠበቀኝ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ በከተማው ባጃጅ መንዳት ክልክል ነው።